የገና ስጦታ፦ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮንና የቤተ ሰብ ፎቶግራፍ

በ1863 ዓ.ም. የገና በዓል ሰሞን፣ ከእንግሊዝ አገር በስተደቡብ በምትገኘው በዋይት ደሴት፣ ፍሬሽዋተር በምትባል የባሕር ዳር መንደር የሚኖሩ አንዲት የ48 ዓመት እመቤት ከሴት ልጃቸውና ከአማቻቸው አንድ ስጦታ ተቀበሉ። ስጦታው ከእንጨት የተሠራ ከባድ ካሜራ ነበር። ባለቤታቸው በዚያን ጊዜ ሴሎን ትባል በነበረችው በስሪላንካ ያለውን የቡና እርሻቸውን ለመጐብኘት ባሕር ተሻግረው ስለ ነበር፣ ልጅቱ ይህን ዕቃ የሰጠችው እናቷ የብቸኝነታቸውን ወራት የሚያሳልፉበት መጫወቻ ያገኙ ዘንድ አስባ እንጂ ሌላ ነገር ጠብቃ አልነበረም። የእመቤቲቱ ስም ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ነበር።

ወይዘሮ ካሜሮን ከዚያ በኋላ በነበሯቸው የሥራ ዓመታት 1200 ያህል ፎቶግራፎች አነሡ፤ በፎቶግራፍ ጥበብ ታሪክም ስማቸው ከቀደምቶቹ ጋር የሚጠራ ሆነ። ይሁን እንጂ ሥራቸው የተጠነሰሰው ከቤት ውስጥ ነው፤ ከልጅ ስጦታ፣ ከእህት ልጅ ፊት፣ ከልጅ ልጅ እንቅልፍ፣ ከቤት ሠራተኛ ትዕግሥት። በበዓል ቀን ዘመዶቹን አሰልፎ የሚያነሣ ሰውም ሆነ፣ በፎቶ ቤቱ ደጃፍ ተራ የሚጠብቁትን ቤተ ሰቦች የሚያስተናግድ ባለሙያ የሚገጥመው ጥያቄ እኚህን እመቤትም ከ160 ዓመታት በፊት ገጥሟቸዋል። ጥሩ የቤተ ሰብ ፎቶግራፍ የሚባለው የቱ ነው? ሁሉም ቀጥ ብሎ የቆመበትና መስመሩ ሁሉ የጠራው ነውን? ወይስ ሰውየው በቤተ ሰቡ ዘንድ የሚታወቅበት ነገር የተያዘበት? የወይዘሮ ካሜሮን ሕይወት ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ ረዥም መልስ ነው ማለት ይቻላል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትውልድና ትዳር

ጁሊያ ማርጋሬት ፓትል በጁን ወር 1815 ዓ.ም. በሕንድ አገር፣ በካልካታ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ጄምስ ፓትል የእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሹም ሲሆኑ፣ እናታቸው ከፈረንሳይ ወገን ነበሩ። ለአካለ መጠን የደረሱት እህትማማቾች ሰባት ነበሩ፤ በካልካታም በኋላም በለንደን ስለ ውበታቸውና ስለ ጠባያቸው ብዙ ተወርቷል። ከሰባቱ መካከል በመልክ ሳይሆን በብርቱነትና በለጋስነት የሚታወቁት ጁሊያ ነበሩ። የልጅነት ዘመናቸውን በአብዛኛው በፈረንሳይ አገር ከሴት አያታቸው ዘንድ ካሳለፉ በኋላ በ1834 ዓ.ም. ወደ ትውልድ አገራቸው ተመለሱ።

በ1836 ዓ.ም. ጤንነታቸው ታውኮ ለሕክምና ዕረፍት ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ወደ ኬፕ ታውን በሄዱ ጊዜ የሕይወታቸውን መንገድ የወሰኑ ሁለት ሰዎች አገኙ። አንደኛው የደቡቡን ሰማይ ከዋክብት ለመመርመር በዚያ የሰፈሩት ስመ ጥሩው የሥነ ፈለክ ሊቅ ሰር ጆን ኸርሸል ናቸው። ኸርሸል ሃይፖ በሚል ስም የሚታወቀው መድኃኒት የብር ጨውን የሚያሟሟ መሆኑን ያወቁ ሊቅ በመሆናቸው፣ ፎቶግራፍ ብርሃን እያየ እንዳይጠፋ ለማድረግ የተቻለው በእርሳቸው ዕውቀት ነው። ጁሊያ ገና በካልካታ ሳሉ ስለዚህ አዲስ ጥበብ በደብዳቤ የነገሯቸውና የመጀመሪያዎቹን ፎቶግራፎች የላኩላቸው እኚሁ ወዳጃቸው ነበሩ። ሁለተኛው ሰው ቻርልስ ሄይ ካሜሮን የተባሉ የሕግ ሊቅ ሲሆኑ፣ በዕድሜ 20 ዓመት ይበልጧቸው ነበር። በ1838 ዓ.ም. በካልካታ ተጋቡ።

ካሜሮኖች አምስት ወንዶችና አንዲት ሴት ወለዱ። ከዚህም በላይ ወላጅ የሞተባቸውን የዘመድ ልጆች ሰብስበው አሳደጉ፤ ሜሪ ራያን የተባለችውን፣ ከእናቷ ጋር ለልመና የወጣች አንዲት የአየርላንድ ልጅም ከመንገድ አንሥተው አስተማሩ። ቤታቸው እንግዳ የማይታጣበት፣ ገንዘብ ግን የማይበረክትበት ቤት ነበር። በ1848 ዓ.ም. ከሕንድ ወደ እንግሊዝ ከገቡ በኋላ ጥቂት ዓመታት በለንደን አካባቢ ቆይተው፣ በ1860 ዓ.ም. የባለቅኔው የአልፍሬድ ቴኒሰን ጎረቤት ለመሆን በፍሬሽዋተር ሁለት ጎጆ ቤቶች ገዙ። ሁለቱን ቤቶች በአንድ ግንብ አያይዘው ዲምቦላ አሉት፤ ስሙ በሴሎን ካለው የቡና እርሻቸው የተወሰደ ነበር። የገናው ካሜራ የደረሰው ወደዚህ ቤት ነው።

ከከሰል ቤትና ከዶሮ ቤት

ስጦታው መጫወቻ ሆኖ አልቀረም። ወይዘሮ ካሜሮን የከሰል ማኖሪያውን ክፍል ጨለማ ክፍል አደረጉት፤ ዶሮዎቹ የሚያድሩበትን በመስተዋት የተሠራ ቤት ደግሞ አስለቅቀው ፎቶ ቤት አደረጉት። ልጆቻቸው ትኩስ እንቁላል ቢቀርባቸውም ቤቱ በሙሉ በአዲሱ ሥራ ተደስቶ እንደ ነበር በኋላ በጻፉት ማስታወሻ ተርከዋል።

የዚያን ጊዜውን አሠራር ማስታወስ የልፋታቸውን መጠን ለመገመት ይረዳል። ፊልም የሚባል ነገር አልነበረም። የመስተዋት ሳሕን በሚገባ ተወልውሎ ኮሎዲዮን የተባለ የሚያጣብቅ ፈሳሽ እኩል ይፈስበታል፤ በጨለማ ውስጥ በሲልቨር ናይትሬት ይነከራል፤ ከዚያም እርጥብ እንደ ሆነ ወደ ካሜራው ገብቶ፣ ተነሥቶ፣ ሳይደርቅ ወዲያውኑ መታጠብ አለበት። ከደረቀ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ወይዘሮዋ ምስሉን የሚያጸኑበት ፖታሲየም ሳይናይድ ብርቱ መርዝ ስለ ነበር ሊቁ ኸርሸል በደብዳቤ አስጠንቅቀዋቸዋል። በመጨረሻም ሳሕኑ በብዙ ውሃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ቫርኒሽ ከተቀባ በኋላ በእንቁላል ነጭ በተለበጠ ወረቀት ላይ በፀሐይ ይታተማል። ይህን ሁሉ የሚሠሩት በአርባዎቹ መጨረሻ ያሉ፣ ስለ ሙያው ከማንም በወጉ ያልተማሩ እመቤት ነበሩ። እጃቸው በመድኃኒቱ ጠቁሮ፣ ልብሳቸው ተቃጥሎ ይታይ ነበር። ገና ውሃው የሚንጠባጠበውን ሳሕን ይዘው ለባለቤታቸው ለማሳየት ወደ ምግብ ቤት እየሮጡ ሲገቡ ስንት የገበታ ልብስ እንዳበላሹ ራሳቸው ጽፈዋል። አቶ ካሜሮን ከሴሎን ከተመለሱ ጀምሮ እያንዳንዱን ሥራ በደስታ ይቀበሉና ያደንቁ ስለ ነበር፣ የዕለቱን ፍሬ ለእርሳቸው ማሳየት የማይቀር ልማድ ሆኖ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከንቱ ሙከራዎች ነበሩ። በጃኑዋሪ 29 ቀን 1864 ዓ.ም. ግን አኒ ፊልፖት የተባለች ሕፃን ካሜራው ፊት ተቀመጠች። ፊቷ በከፊል ወደ ጐን ዞሯል፤ ዓይኗ ሌላ ነገር ይመለከታል፤ ካፖርቷ እስከ አንገቷ ተቆልፏል፤ ብርሃኑ ከአንድ ወገን መጥቶ ጉንጯን ያበራል። ወይዘሮ ካሜሮን የመጀመሪያው የተሳካ ሥራቸው ይህ መሆኑን ወዲያው ተረዱ። በዚያኑ ቀን አትመው፣ በክፈፍ አድርገው ለልጅቱ አባት ሰጡት። የመጀመሪያው ጥሩ ሥራቸው ያረፈው በአንድ ቤተ ሰብ እጅ ውስጥ ነበር።

ማኅበሩና እመቤቲቱ

በዚያው በ1864 ዓ.ም. የለንደን የፎቶግራፍ ማኅበር በአባልነት ተቀበላቸው። ማኅበሩ ሙያውን ለማሳደግ የተቋቋመ፣ ኤግዚቢሽን የሚያዘጋጅና መጽሔት የሚያሳትም ድርጅት ነበር። ሆኖም በአባላቱ ዘንድ የጥሩ ፎቶግራፍ መለኪያ ጥራት ነበር፤ የጨርቁ ክር፣ የወንበሩ ቅርጽ፣ የጺሙ ጸጉር አንድ በአንድ ተለይቶ መታየት አለበት። የወይዘሮ ካሜሮን ሥራዎች በዚህ መለኪያ ሲመዘኑ የወደቁ ነበሩ። ፎከሳቸው ልስልስ ነው፤ የጣት አሻራ፣ አቧራና ጭረት ይታይባቸዋል፤ አንዳንድ ቦታም መድኃኒቱ እኩል አልፈሰሰም። በ1865 ዓ.ም. የማኅበሩ መጽሔት የሐሳባቸውን አዲስነት ሳይክድ የአሠራራቸውን ጉድለት በብርቱ ነቀፈ።

ነቀፌታው በከፊል እውነት ነበር። ልስልሱ ፎከስ መጀመሪያ በአጋጣሚ የመጣ እንደ ነበር ራሳቸውም አልሸሸጉም። በትልቅ ሳሕንና በሰፊው በተከፈተ ሌንስ ፊትን ከቅርብ ማንሣት ማለት የዓይኑ ሽፋሽፍት ሲጠራ ጆሮው ይደበዝዛል ማለት ነው። በዚያ ላይ ሰውየው ከ3 እስከ 7 ደቂቃ ሳይነቃነቅ መቀመጥ ስለሚኖርበት የትንፋሹ እንቅስቃሴ እንኳ በምስሉ ላይ ይታያል። ልዩነቱ ግን ከዚያ በኋላ ነው። ሌላው ፎቶ አንሺ ሌንሱን እስኪጠራ ድረስ ማዞሩን ይቀጥላል፤ ወይዘሮ ካሜሮን ግን ምስሉ ለዓይናቸው ውብ ሆኖ የታያቸው ጊዜ እጃቸውን ይመልሱ ነበር። አጋጣሚ የነበረው ነገር ምርጫ ሆነ።

ሌሎች የአገራቸው ባለሙያዎች ደንበኛውን ከእግር እስከ ራሱ፣ በተቀባ መጋረጃና በተውሶ ዓምድ መካከል አቁመው፣ አንገቱን ከኋላ በብረት ደግፈው ያነሡ ነበር። ወይዘሮ ካሜሮን ዓምዱንም መጋረጃውንም አስወገዱ። ሰውየውን በጥቁር ጨርቅ ጀርባ ላይ አስቀምጠው፣ ብርሃኑን ከአንድ ወገን ብቻ አስገብተው፣ ካሜራውን ወደ ፊቱ አቀረቡ። በ1866 ዓ.ም. ከዚህም የሚበልጥ፣ 12 በ15 ኢንች ሳሕን የሚይዝ ካሜራ ከያዙ በኋላ የሰው ራስ በመስተዋቱ ላይ የሕይወቱን መጠን ሊያክል ተቃረበ።

በለንደን የተነቀፈው ሥራ በበርሊን በ1865 ዓ.ም. የነሐስ፣ በ1866 ዓ.ም. ደግሞ የወርቅ ሜዳይ አገኘ። በለንደንም ቢሆን የሳውዝ ኬንሲንግተን ቤተ መዘክር በ1865 ዓ.ም. ፎቶግራፎቻቸውን ገዛ፤ በ1868 ዓ.ም. ደግሞ ሁለት ክፍሎች ለፎቶ ቤትነት ፈቀደላቸው። እመቤቲቱ ግን ከማኅበሩ አልኮበለሉም። በ1869 ዓ.ም. ከኔጋቲቮቻቸው መካከል ምርጦቹ ቫርኒሻቸው እየተሰነጣጠቀ መበላሸት በጀመረ ጊዜ፣ ሳሕኖቹን ይዘው ወደዚያው ወደ ነቀፋቸው ማኅበር ሄደው ምክር ጠየቁ። ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር ስለ ሁለቱም ወገን ብዙ ያስረዳል። ፊትን በማየት ረገድ ወይዘሮዋ ከማኅበሩ ይበልጡ ነበር፤ ሳሕንን በመጠበቅ ረገድ ደግሞ ማኅበሩ ይበልጣቸው ነበር። የፎቶግራፍ ፍቅር የመድኃኒቱን ሥርዓት አይተካም፤ ከጠፉት ኔጋቲቮች ጋር የጠፉት ፊቶች ዳግመኛ አልተገኙም።

የቤት ሰዎች ፊት

ወይዘሮ ካሜሮን ቴኒሰንን፣ ዳርዊንንና ሌሎች የዘመናቸውን ታላላቅ ሰዎች ማንሣታቸው በሰፊው ይታወቃል። በ1867 ዓ.ም. ካሜራቸውን አስጭነው ወደ ሽማግሌው ኸርሸል ቤት በመሄድ፣ የሊቁን ጸጉር አሳጥበውና አጐፍረው ያነሡት ምስል ከሁሉ ይጠቀሳል። ይሁን እንጂ በሳሕኖቻቸው ላይ ደጋግመው የሚታዩት ታላላቆቹ አይደሉም፤ የእህቶቻቸው ልጆች፣ የልጆቻቸው ልጆች፣ የጎረቤት ሕፃናትና የቤት ሠራተኞቻቸው ናቸው።

ከእነዚህ አንዷ የእህታቸው የማርያ ልጅ ጁሊያ ጃክሰን ነበረች፤ ስሟም የአክስቷ ስም ነው። በ1867 ዓ.ም.፣ በሠርጓ ሰሞን፣ የተነሣችው ፎቶግራፍ ከአክስቲቱ ሥራዎች ሁሉ ከሚደነቁት አንዱ ነው። የፊቷ ግማሽ በብርሃን፣ ግማሹ በጥላ ነው፤ በራሷ ላይ ጌጥ የለም፤ አንገቷ ወደ ጐን ሲዞር የተወጠረው ሥር ሳይቀር ይታያል። ይህች ሴት ከሦስት ዓመት በኋላ ባሏ ሞቶባት በሐዘን ተቀመጠች፤ በ1878 ዓ.ም. ዳግመኛ አግብታ፣ በ1882 ዓ.ም. በኋላ ታላቅ ደራሲ የሆነችውን ቨርጂኒያ ዉልፍን ወለደች። እናቲቱ በ1895 ዓ.ም. ስታርፍ ቨርጂኒያ 13 ዓመቷ ነበር። ከእናቷ ወጣትነት የተረፋት ነገር አክስቲቱ ያነሡት ፊት ነው። ደራሲዋ በ1926 ዓ.ም. የእኚህን ዘመዷን ፎቶግራፎች የያዘ መጽሐፍ ከመግቢያ ጋር አሳትማለች።

ሌላው አርቺ የተባለው የልጅ ልጃቸው ነው። በ1865 ዓ.ም.፣ ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሲሆነው፣ ተኝቶ ሳለ አነሡት። ሕፃን ልጅ ደቂቃዎች በሚፈጅ አሠራር ሳይንቀሳቀስ ሊነሣ የሚችለው በእንቅልፉ መሆኑን እናቶች ሁሉ ያውቃሉ፤ አያቲቱም ይህን ተጠቅመው፣ የቤት ሠራተኛቸውን ሜሪ ሒልየርን ጐንበስ ብላ እንድትጠብቀው አደረጉ። ሜሪ ሒልየር ከሕፃናት ጋር ሆና እመቤታችን ማርያምን በመምሰል የተነሣችባቸው ምስሎች እጅግ ብዙ ናቸው። ወይዘሮ ካሜሮን ጽኑ ሃይማኖተኛ ስለ ነበሩ የልደትን ታሪክ በቤታቸው ውስጥ ይፈልጉት ነበር፤ ያገኙትም በአንዲት የቤት ሠራተኛና ዓይኑ በእንቅልፍ በከበደ የልጅ ልጅ ላይ ነው። እነዚህ ምስሎች ካሜራው በገና ሰሞን በስጦታ የመጣ መሆኑን የሚያስታውሱ ይመስላሉ።

ይህ ሁሉ ግን ለተነሺዎቹ ቀላል አልነበረም። እመቤቲቱ መንገደኛውን ከመንገድ ጠርተው፣ እንግዳውን ከምሳ አስነሥተው የሚያስቀምጡ፣ እምቢታን የማይሰሙ ሰው ነበሩ። ሕፃናቱ ክንፍ ታስሮላቸው መላእክት እንዲሆኑ ይታዘዙ ነበር። በ1872 ዓ.ም. የእህታቸውን የልጅ ልጅ ራሄል ገርኒን በዚህ ዓይነት አነሷት። ልጅቱ ክንፏን ለብሳ፣ እጆቿን አጣምራ፣ አገጯን በክንዷ ላይ አስደግፋ፣ ከመቀመጥ ብዛት በሰለቸ ዓይን ትመለከታለች። ፎቶግራፉን ሕያው ያደረገው ይኸው መሰልቸቷ ነው። ወይዘሮ ካሜሮን ይህን ሳሕን እንደ ብልሽት ቆጥረው አልጣሉትም፤ መልአክ ልትሆን የታዘዘች ልጅ ልጅ ሆና መቅረቷን ተቀብለው አተሙት። በበዓል ቀን አዲስ ልብስ ለብሶ፣ ፈገግ በል እየተባለ የደከመውን ሕፃን ማንሣት ያለበት ባለሙያ ከዚህ ምስል የሚማረው አለ።

ከመንገድ የተወሰደችው ሜሪ ራያንም በቤቱ ውስጥ ሠራተኛና የፎቶግራፍ ተነሺ ሆና አደገች። ፎቶግራፎቹ በለንደን ለሽያጭ በቀረቡ ጊዜ ሄንሪ ኮተን የተባለ ወጣት ምስሎቿንም እርሷንም አይቶ ልቡ ተነካ፤ በ1867 ዓ.ም. አገባት። ይህ ሰው በኋላ በሕንድ አገር የታወቀ አስተዳዳሪ ሆኖ፣ ሰር የሚለውን ማዕረግ አግኝቷል። ለማኝ የነበረችው ልጅ በአንድ ቤት አልበም ውስጥ ከባለቤቶቹ ልጆች እኩል በክብር መነሣቷ ዕድሏን ለወጠው።

የንጉሡ ልጅ

በጁላይ ወር 1868 ዓ.ም. ወደዚያው ወደ ፍሬሽዋተር አካባቢ አንድ የሰባት ዓመት ሕፃን መጣ። ይህ ሕፃን የዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ዓለማየሁ ነበር። አባቱ በዚያው ዓመት በኤፕሪል ወር በመቅደላ ተሠውተዋል፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤም ከመቅደላ ሲወጡ በመንገድ ላይ አርፈዋል። የእንግሊዝ ጦር ልጁን ሲወስደው አማርኛ የሚያውቀውና በኢትዮጵያ ባሻ ፈለቀ ይባል የነበረው ካፒቴን ስፒዲ ጠባቂው ሆኖ ተሾመ። በዋይት ደሴት በሚገኘው ቤተ መንግሥቷ ንግሥት ቪክቶሪያ ልጁን ተቀብላ አነጋግራዋለች።

ወይዘሮ ካሜሮን ዓለማየሁን ብቻውንና ከስፒዲ ጋር አነሡት፤ ካሳ የተባለውን ኢትዮጵያዊ አገልጋይም እንዲሁ። ምስሎቹን በስማቸው አስመዝግበው ለሽያጭ ማቅረባቸው መዘንጋት የለበትም፤ የእንግሊዝ ሕዝብ ስለ መቅደላ ጦርነት ሲያነብ ከርሞ የንጉሡን ልጅ ለማየት ጓጉቶ ነበር። ስፒዲ ያለባቸው አንዳንዶቹ ምስሎች የቲያትር መልክ አላቸው፤ እንግሊዛዊው መኮንን የኢትዮጵያ ልብስ ለብሶ፣ ጦር ይዞ የተነሣባቸውም ይገኛሉ።

ዓለማየሁ ብቻውን የተነሣበት ምስል ግን ከዚህ የተለየ ነው። ልጁ የአገሩን ልብስ ለብሶ፣ የአንገት ጌጡን አድርጎ ተቀምጧል። የወይዘሮ ካሜሮን አሠራር፣ ማለትም ቅርበቱ፣ የአንድ ወገን ብርሃኑ፣ የረዥም ደቂቃው ጸጥታ፣ በገዛ የልጅ ልጆቻቸው ላይ እንደ ሠራው ሁሉ በእርሱም ላይ ሠርቷል። በፊቱ ላይ የሚታየው ሐዘን የታዘዘ አይደለም። ሰባት ዓመት የሆነው ልጅ ያን ያህል ደቂቃ የሚያየው ነገር አጥቶ ወደ ራሱ ሐሳብ ተመልሷል፤ ካሜራው የያዘውም ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ የፎቶግራፍ አቅምም ወሰኑም አብረው ይታያሉ። ለአርቺ፣ ለራሄል፣ ለጁሊያ ጃክሰን የተነሣው ምስል ወደሚያውቃቸው እጅ፣ ወደ እናትና ወደ አያት አልበም ይገባ ነበር። የዓለማየሁን ምስል ልታይለት የምትችለው እናቱ ግን በሕይወት አልነበረችም፤ ምስሉ የሄደው ስሙን እንኳ በወጉ ሊጠራ ወደማይችል ገዢ ነው። አሠራሩ አንድ ሆኖ ሳለ የደረሰበት ቦታ የተለያየ ሆነ። ልዑሉ ከስፒዲ ተለይቶ በእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች ሲማር ከቆየ በኋላ፣ በኖቬምበር 14 ቀን 1879 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ በሊድስ ከተማ አረፈ፤ በዊንዘር ቤተ መንግሥት ቤተ ጸሎትም ተቀበረ። የመቅደላ ሕፃን ገጽታ ለኢትዮጵያውያን ተርፎ ሊታይ የቻለው በከፊል በዚያች የባሕር ዳር መንደር በተነሡት ሳሕኖች ነው። ለገበያ የተሠራ ምስል፣ ዘመን ካለፈ በኋላ፣ ወገኖቹ ሊያዩት የሚመለሱበት የቤተ ሰብ ፎቶግራፍ ሆነ።

ስጦታው ሲመለስ

ወይዘሮ ካሜሮን ፎቶግራፎቻቸውን ቢሸጡም፣ ከሽያጩም የቤታቸውን ዕዳ ለማቃለል ተስፋ ቢያደርጉም፣ ምርጡን ለሰው መስጠት ይወዱ ነበር። ለእህታቸው ለማርያ ካሜራው ከመምጣቱ በፊት፣ በጁላይ 1863 ዓ.ም.፣ ገጾቹ ያልሞሉ አንድ አልበም ሰጥተዋት ነበር፤ በኋላ በየጊዜው አዲስ ሥራ እየጨመሩ አብረው ሞሉት። ለኸርሸልም በ1864 ዓ.ም. ሌላ አልበም አዘጋጅተዋል። ከሁሉም የሚበልጠው ግን በሴፕቴምበር 1869 ዓ.ም. ለልጃቸው ለጁሊያ ኖርማንና ለባሏ የሰጡት ነው። በዚህ አልበም መግቢያ ላይ፣ በውስጡ ያሉት ምስሎች ሁሉ እነርሱ ከሰጧቸው ካሜራ የመነጩ መሆናቸውን በምስጋና ጽፈውበታል። በገና የመጣው ስጦታ በስድስተኛው ዓመት በፊቶች ተሞልቶ ወደ ሰጪዎቹ ተመለሰ።

ልጅቱ በዚህ አልበም ለረዥም ዘመን አልተደሰተችም፤ በ1873 ዓ.ም. በወሊድ ምክንያት አረፈች። ወይዘሮ ካሜሮን አንዲት ሴት ልጃቸውን ከቀበሩ በኋላ፣ በ1874 ዓ.ም. የሥራ ዘመናቸውን ታሪክ መጻፍ ጀመሩ። ጽሑፉ የሚጀምረው ከዚያው ከስጦታው ነው፤ ሳይፈጸምም ቀርቷል። በዚያው ዓመት የቴኒሰንን ግጥሞች በምስል የማስጌጥ ትልቅ ሥራ ተቀብለው፣ የሚያግዛቸው ያው የቤታቸው ሰው ሆኖ፣ ሽማግሌው ባለቤታቸው የጠንቋዩን የመርሊንን ልብስ ለብሰው ተነሡ።

በ1875 ዓ.ም. ካሜሮኖች ልጆቻቸው ወደሚሠሩባት ወደ ሴሎን ለመኖር ተነሡ። ከዕቃቸው ጋር ላምና፣ ምናልባት በዚያ የሚሠራ አይገኝ ይሆናል ብለው፣ ለሁለቱም የሬሣ ሣጥን ይዘው እንደ ተጓዙ ይነገራል፤ ሣጥኖቹም ሥራ እስኪያገኙ ድረስ የሸክላ ዕቃ ተሞልተው ነበር። በሴሎን የቡና ቅጠል በሽታ እርሻዎቹን እያጠፋ ስለ ነበር ኑሮው አልተመቸም፤ ፎቶግራፍም ያነሡት ጥቂት ብቻ ነው። በጃኑዋሪ 26 ቀን 1879 ዓ.ም. በ63 ዓመታቸው አርፈው በዚያው በተራራማው አገር ተቀበሩ። ያነሡት የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ የተከተላቸው በዚያው ዓመት ነበር። ባለቤታቸው በ1880 ዓ.ም. አረፉ። በፍሬሽዋተር ያለው ቤታቸው ከብዙ ዘመን በኋላ ሊፈርስ ሲል ተርፎ ለመታሰቢያቸው ቤተ መዘክር ሆነ።

ከእኚህ እመቤት ሕይወት የሚቀረው ትምህርት ፎከስን ችላ ማለት አይደለም። ሳሕኑን በንጽሕና መያዝ፣ መድኃኒቱን በልክ መጠቀም፣ ኔጋቲቩን መጠበቅ እንደሚገባ ከራሳቸው ኪሣራ ይታወቃል። የሚቀረው ትምህርት የመቅረብ ነው። ዓምዱንና መጋረጃውን ትተው ወደ ፊቱ ቀረቡ፤ ብርሃኑን ከአንድ መስኮት ለመኑ፤ የደከመውን ልጅ ደክሞት አነሡት፤ የተኛውን በእንቅልፉ አከበሩት፤ ሠራተኛዋን ከእመቤቶቹ እኩል አዩአት። በበዓል ጧት ወደ ፎቶ ቤት የሚመጣ ቤተ ሰብም ይዞት የሚሄደው አንዲት ወረቀት ናት፤ ከመካከላቸው ማን ለሚመጣው በዓል እንደማይደርስ ግን የሚያውቅ የለም። ጁሊያ ኖርማን ለእናቷ መጫወቻ ስትሰጥ ዐሥር ዓመት ብቻ እንደ ቀራት አላወቀችም ነበር። እናቲቱ ግን እያንዳንዱን ፊት ዳግመኛ እንደማያገኙት አድርገው አነሡ፤ ከተነሡትም ብዙዎቹ ዛሬ ድረስ ለሚወዷቸው የቀሩት እንዲሁ ስለ ተነሡ ነው።